ከጨርቁ ሥር የሚበሩ መብራቶች

እናቴ ስልክ ደውላ «አያ እንድሪስ አረፉ» ስትለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «መንገዱ ላይ የት ጋ?» የሚል ነበር።

«የምን መንገድ አመጣሽ?» አለችኝ። «አልጋቸው ላይ ነው እንጂ። ጥቂት ቀን አሟቸው፣ ጁምዓ ጠዋት አረፉ። ኢናሊላሂ በይ።»

አልኩ። ስልኩን ዘግቼ የዶርማችን ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ዘመድ የሞተብኝ መስሏቸው ከበቡኝ፤ ምን ብዬ እንደማስረዳቸው ግራ ገባኝ። ሹፌር ነበሩ ብል አይበቃም። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ እፎይታ የሚመስል ነገር ተሰማኝ። ሰው ይታዘበኝ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። አልጋቸው ላይ ሞቱ። ማንንም ሳይዙ ብቻቸውን ሄዱ። እሳቸው አላህን ሲለምኑ የኖሩት ይህንኑ ነበር።

አያ እንድሪስ በከሚሴና በጨፋ ሮቢት መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነበሩ። የኛ ቤት ጨፋ ሮቢት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ለመጨረስ ከሚሴ ስመላለስ ጠዋት በሳቸው መኪና ሄጄ ማታ በሳቸው መኪና እመለስ ነበር። በዚያ ሰዓት ሌላ መኪና ማግኘት ዕድል ነው። አባቴ የመጀመሪያ ቀን ይዞኝ ሄዶ «ይችን ልጅ አደራ» አላቸው። እሳቸውም ጋቢና፣ ከጎናቸው ካለው የመሐል ወንበር ላይ አስቀመጡኝና «ይህ ቦታ ያንቺ ነው፣ ኢንታላኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። አማርኛውን ጀምረው በኦሮምኛ መጨረስ፣ በኦሮምኛ ተቆጥተው በአማርኛ መሳቅ ልማዳቸው ነበር።

ቀጭንና ረጅም ሰው ነበሩ። መሪው ላይ ሲጎነበሱ አንገታቸው የመኪናውን ጣሪያ የሚፈራ ይመስላል። ሽርጥ ታጥቀው ከላይ አሮጌ ኮት ይደርባሉ። ከመነሳታቸው በፊት ቀኝ እግራቸውን ከጫማ አውጥተው በባዶ እግራቸው ፍሬኑ ላይ ያሳርፋሉ። የግራው ግን ከነጫማው ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ጫማ ወሬ ያስቀራል» አሉኝ። «በባዶ እግር ሲረገጥ ፍሬኑ የሚለውን ሁሉ ይናገራል።»

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰው ዓይን የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነበር። ከመሪው ኋላ፣ የፍጥነትና የነዳጅ መቁጠሪያው ያለበት ዳሽቦርድ በሙሉ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሚስታቸው ለቴሌቪዥን መሸፈኛ ብለው ዳር ዳሩን በክር የሠሩት ነው። ተሳፋሪው ጌጥ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሲያዞሩ ግን የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣት ብድግ ያደርጉና፣ የተኛ ሕፃን ፊት እንደሚያይ ሰው አጎንብሰው ያያሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይመልሱታል።

አንድ ቀን አብሬያቸው አጎነበስኩ። ከጨርቁ ሥር የተለያዩ መብራቶች ይበሩ ነበር፤ አንዳንዱ ቢጫ፣ አንዳንዱ ቀይ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው አያ?»

«ስሞታ ነው» አሉ። «ይህቺ ቢጫዋ ስለ ሞተሩ ነው። ይህቺ የመኪና ሥዕል ያለባት ስለ በሩ ነው፣ እሷን ተያት፣ በሩ ከተዘጋም ታለቅሳለች። ቢጫ ይለምናል። ቀይ ግን ያዛል። የቀይን ትእዛዝ እንቢ ማለት ጥሩ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ሸፈኑት?»

መኪናውን አስነሱና ከሮቢት ወጣን። ግራና ቀኝ ማሽላው ቆሞ ነበር።

«እኔ አያለሁ» አሉ። «ከኋላ ያሉት ቢያዩ ምን ይጨምርላቸዋል? ወርደው በእግር ይሄዳሉ? አይሄዱም። እየፈሩ ይቀመጣሉ። ፍርሃቱ ደግሞ ለአንድ ሰው ይበቃል።»

እኔ ካየሁ በኋላ ግን ለሁለት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የመሐል ወንበር ጠበበኝ። በግራዬ ማርሹ፣ በቀኜ ሁልጊዜ አንድ ወፍራም ተሳፋሪ፣ ከፊቴ ያ አረንጓዴ ጨርቅ። ከኋላ ሰው ይስቃል፣ ስለ እህል ዋጋ ይጨቃጨቃል፣ ዶሮ ይጮኻል። ለእናቴ ብነግራት ከነገ ጀምሮ ቤት ቁጭ በይ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ እገባለሁ፣ አያ እንድሪስ ጨርቁን ብድግ ሲያደርጉ ፊታቸውን አያለሁ። ፊታቸው ካልተለወጠ እተነፍሳለሁ።

የሌሎቹ ሹፌሮች ነገር የተለየ ነበር። ከመናኸሪያው በር አጠገብ ባለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ መኪና እስኪሞላ ይቀመጣሉ፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ጥግ ላይ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ስለ መብራት ጨዋታ ተነሳ።

«የኔዋ ከገዛኋት ጀምሮ ትበራለች» አለ አንዱ። «አንድ ቀን ብትጠፋ ነው የምደነግጠው።»

«እኔ የኳስ ቡድኔን ተለጣፊ ለጠፍኩባት። አሁን ቡድኔ ሲሸነፍ ብቻ ነው የምናደደው።»

«ምርመራ ሲደርስ አምፖሏን መንቀል ነው፣ ወላሂ! ምን ያስጨንቃችኋል?»

«አይ፣ እናንተ አልገባችሁም» አለ ሌላው ሻዩን እያማሰለ። «መኪናዋ ጃፓን አገር ነው ያደገችው። እዚያ ሰው በትንሽ ነገር ይደነግጣል። ያንን አመሏን ይዛ መጣች። ከሚሴ ስትከርም ትተዋለች።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወደ አያ እንድሪስ ዞሩ። «አንተስ አያ? ጨርቅ ያለበስካት ለምንድን ነው?»

«ታፍራለች» አሉ አያ እንድሪስ።

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሲስቁ ግን ብርጭቋቸውን የያዘው እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

መኪናዋ የሳቸው አልነበረችም። የሚስታቸው ወንድም ንብረት ናት። ሰውየው ከሚሴ ውስጥ የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው ነው ለማለት ይቸግረኛል፤ ሰላምታው ረጅም፣ ግብዣው ብዙ ነው። መጠገን ያለበትን ነገር ሁሉ ግን ከመኸር በኋላ ይላል። መኸሩ ሲያልፍ ከበዓል በኋላ ይላል። አያ እንድሪስም ሊቆጡት አይችሉም፤ የልጆቻቸው አጎት ነው፣ የሚኖሩበት ቤትም የሱ ነው።

የፍሬኑ ቀይ መብራት የበራው ማሽላው መቅላት ሲጀምር ነው። ክብ ናት፤ መሐሏ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት አለባት። ያን ጠዋት ጨርቁን አንስተው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። እኔም መተንፈሴን አቆምኩ።

በቀስታ ነድተው ከሚሴ እንደደረስን መጋዘኑ ፊት ለፊት ቆሙ። ባለመኪናው ወጥቶ በመስኮቱ በኩል ሰላምታውን አወረደው።

«አካም ጅርታ? ቤተሰብ ደህና? ዝናቡ እንዴት ነው ወደናንተ?»

«አልሃምዱሊላህ። ፍሬኗ በራች።»

«መብራቱ ነው ፍሬኑ?»

«መብራቱ።»

«እንዲያ በለኛ!» አለና ትከሻቸውን መታ አደረገ። «መብራት መብራት ነው። ፍሬኑ መቼ እንቢ አለህ?»

«እንቢ ያለ ቀን መጥቼ ልነግርህ አልችልማ።»

ባለመኪናው ሳቀ። «ከመኸር በኋላ አዲስ አስገባላታለሁ፣ ኢንሻአላህ። አሁን ያለኝ ሁሉ እህል ላይ ነው።»

«ኢንሻአላህ ስትል እኔን እያባበልከኝ ነው ወይስ ከልብህ ነይተሃል?»

«አብሽር፣ እንድሪስ! አንተ እያለህ ምን ትሆናለች?»

ይህ ምስጋና ነበር። አያ እንድሪስ ግን እንደ ስድብ ነው የተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ከወንበራቸው ሥር አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት አኖሩ። ጠዋት ጠዋት ይጨምራሉ፣ ማታ ጎድሎ ይገኛል። የት እንደሚፈስ ያውቃሉ፤ ጎማው ሥር ነው። ከሦስተኛ ማርሽ በላይ መንዳት ተዉ። ከብት ከሩቅ ሲያዩ ገና ማርሽ መቀነስ ይጀምራሉ። ተሳፋሪው ያማርር ነበር። ረዳታቸው ጀማል፣ የልጆች አባት የሆነ ቀልደኛ ሰው፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በጎን የሚያልፈንን ጋሪ «ቀድመኸን ከደረስክ እየመጣን ነው በልልን!» ይለዋል።

«ለምን አይተዉትም ሥራውን?» አልኳቸው አንድ ማታ።

«ብተው ነገ ሌላ ሰው ይይዛታል» አሉኝ። «ያ ሰው አያውቃትም። ሲጭን በሰማንያ ይነዳታል። ደግሞ አንቺ እዚህ ነሽ።» ቀጥለውም «ብወርድም ውስጥ ነኝ፣ ኢንታላኮ። ይገባሻል?» አሉ።

ገባኝ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የከሚሴ ገበያ ቀን ነበር፤ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታለች። ከጎኔ ቅመም የምትነግደው እትዬ ዘሀራ ዘንቢሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከኋላችን ካለው ወንበር ላይ አባ ሰይድ የሚባሉ፣ በሮቢት የሚከበሩ አዛውንት አሉ። አያ እንድሪስ የቀኝ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቁልፉን አዞሩ፣ ጨርቁን ብድግ አደረጉ፣ ፍሬኑን ረገጡ። እንደገና ረገጡ። እግራቸው ከወትሮው በታች ሲወርድ አየሁት።

ሞተሩን አጠፉ። ከዚያ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ገፈፉትና አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ቁልፉን መልሰው ሲያዞሩት ቀዩ መብራት ለሁሉም ታየ።

«ወገኖቼ» አሉ ዞረው፣ «ይህን እዩት። ፍሬን የለኝም። ትንሽ ነው የቀረኝ። ዛሬ በዚህች መኪና ሰው አልጭንም። ውረዱ።»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

«ምን ማለትህ ነው? ጠዋት ይዘኸን መጥተህ የለም እንዴ?»

«ጠዋት ነበራት?»

«ጠዋትም እንደዚሁ ነበረች» አሉ አያ እንድሪስ።

«ታዲያ ደረስን አይደል!»

«አያ እንድሪስ» አለች እትዬ ዘሀራ፣ «ልጆቼ ብቻቸውን ናቸው። ከዚህ ወርጄ የት ልሂድ? ሌላ መኪና አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ጨርቁን መልሰው። ለምን አነሳኸው!»

የሚቆጡት በባለመኪናው ላይ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የተቆጡት ግን ባሳዩአቸው ሰው ላይ ነበር። አንዱ ከኋላ «ልቡ የፈራ ሹፌር ቤቱ ይቀመጥ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ሂሳቡ አንሶት ነው» አለ። አባ ሰይድ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

«ልጆቼ፣ ዱአ እናድርግ» አሉ። መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ይህቺን መኪና ከነሰዋ በሰላም አድርሳት። ሹፌራችንን አበርታልን። ከፊታችን ያለውን መንገድ ጥረግልን።»

«አሚን!» አለ መኪናው በሙሉ።

አያ እንድሪስም መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ፊታቸውን አበሱና «ዱአው ደህና ነው፣ አባ» አሉ። «አላህ ይቀበልዎት። ግን መካኒክም ይላክልን ብለው ቢጨምሩ።»

ሰው ሳቀ። የሳቀ ግን አልወረደም።

ጀማል ለባለመኪናው ስልክ ደወለ። ብዙ ሳይቆይ የባለመኪናው የወንድም ልጅ ኸድር በሞተር ሳይክል መጣ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ነው፤ መነጽር አድርጓል። አያ እንድሪስ ወረዱለት። እሱ ገብቶ ወንበሩን ወደፊት ሳበ፣ ሙዚቃ ከፈተ፣ ነዳጁን ረግጦ ሞተሩን አስጮኸው።

«ማሻአላህ! እንዲህ ነው ወንድ!» አለ ከኋላ የነበረው ጩኸታም ሰው።

እኔ ልወርድ ተነሳሁ። መውጫዬ ግን በእትዬ ዘሀራ በኩል ነው፤ እሷ ደግሞ ዘንቢሏን እንደታቀፈች አልተንቀሳቀሰችም። «የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። «ከተማ ልታድሪ? አርፈሽ ተቀመጪ፣ አባትሽ ምን ይለኛል?» ተቀመጥኩ። አያ እንድሪስ ውጭ ቆመው በመስኮቱ መስታወት በኩል ያዩኛል። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ጫማቸው መኪናው ውስጥ ነው።

ኸድር ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ተንደረደረች። ያኔ አያ እንድሪስ እየሮጡ መጥተው በሩን ያዙ።

«ውረድ!» አሉት።

«ምነው አያ? አልነዳም አልክ አይደል?»

«አንተ አታውቃትም። ውረድልኝ፣ በአላህ ይዤሃለሁ።»

ኸድር እየሳቀ ወረደ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። አያ እንድሪስ ገቡ። ሙዚቃውን ዘጉ፣ ወንበሩን ወደኋላ መለሱ፣ ባዶ እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አሳረፉ። ጨርቁን አልመለሱትም። ቀዩ መብራት እየበራ ከመናኸሪያው ወጣን።

በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምንሄደው። ባጃጆች ያልፉናል። ከኋላ ያሉት ቀልዳቸውን ቀጠሉ፤ አንዱ «ቀብር ሸኝተን ነው እንዴ የምንመለሰው?» ይላል፤ ጀማል «የቸኮለ ወርዶ ይግፋ!» ብሎ ይመልሳል። አያ እንድሪስ አይሰሙም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ የማየው እግራቸውን ነበር።

መንገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወደ ድልድዩ ሲደርስ ግን አጭር ቁልቁለት አለው። እዚያ ጫፍ ላይ ስንደርስ ከታች መንገዱ በከብት ተሞልቷል። ውሃ ጠጥተው የሚመለሱ ናቸው፤ ሁለት እረኞች በዱላ እየነዱ ድልድዩን ያሻግሯቸዋል። አያ እንድሪስ ፍሬኑን ረገጡ። እግራቸው ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ወረደ። አነሱት፣ ረገጡ፤ ወለል ነካ። እንደገና፤ ወለል።

አልጮሁም። እኔም አልጮኽኩም። አንደኛ ማርሽ ሲያስገቡ ሞተሩ አገሳ፤ ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን። የእጅ ፍሬኑን ከጎኔ ትንሽ በትንሽ ሳቡት። ክላክሱን ተጫኑና አለቀቁትም። እረኞቹ ዞረው አዩን፤ ከብቱን ግራና ቀኝ ገፉት። መኪናዋ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ግን ሳትቆም፣ በከብቶቹ መሐል ገባች። የአንድ በሬ ቀንድ የጎኑን መስታወት ገጭ አድርጎ አለፈ። እረኛው በኦሮምኛ እየተሳደበ የመኪናዋን ጎን በዱላ መታ። ከዚያ ድልድዩን ተሻገርን፤ ዳገቱ ያዘን።

«እንዴ! ለከብት እንኳ አይቆምም!» አለ ጩኸታሙ ሰው። «ሲፈራ የነበረ ሰውዬ!»

«ተናዶብን ነው» አለች እትዬ ዘሀራ እየሳቀች።

የአያ እንድሪስ ላብ ከአገጫቸው መሪው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ወደኔ ቀና ብለው አዩኝ። ያየሁትን እንዳየሁ ያውቃሉ። በጣታቸው ዝም በይ የሚል ምልክት አሳዩኝ።

ሮቢት መስጊዱ ፊት ያለው ዳገት ላይ ሞተሩን አጥፍተው ቆሙ፤ ጀማልም ቶሎ ብሎ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። ሰዎቹ ወረዱ። የመጨረሻው ሰው ትከሻቸውን እየመታ «አየህ አያ? ደረስን! መብራትህ ውሸታም ናት» አላቸው።

ይህን ነበር የምፈራው። በሰላም መድረሳችን የሳቸውን ቃል ከንቱ አደረገው። ወደ ከሚሴ የሚመለሱ ሰዎች ደግሞ መስጊዱ ጥላ ሥር ሲጠብቁ ቆይተው በሩን ከፍተው መግባት ጀመሩ። አያ እንድሪስ መሪው ላይ ግንባራቸውን አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ወረዱ።

«ጀማል፣ ክሪክ አምጣ።»

«ጎማ ፈነዳ እንዴ?»

«አምጣ አልኩህ።»

ሰዎቹ ውስጥ እንደተቀመጡ የፊቱን ቀኝ ጎማ ፈቱ። ተሳፋሪዎቹ ጎማ ሊቀይሩ መስሏቸው ወርደው ጠበቁ። የግራውንም ፈቱ። መኪናዋን በድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ብሎኖቹን ያን አረንጓዴ ጨርቅ ውስጥ ቋጠሩ፣ አንዱን ጎማ ለጀማል ሰጡ፣ ሌላውን ራሳቸው እያንከባለሉ ከኔ ጋር ወደ ቤታችን መጡ።

«እነዚህን አሳድሩልኝ» አሉት አባቴን። «ለማንም እንዳትሰጥ። ለጀማልም።»

በማግስቱ ባለመኪናው ከከሚሴ ድረስ ሽማግሌ ይዞ ቤታችን መጣ። አባ ሰይድም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ባለመኪናው ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሰው ፊት እንዳዋረዱት፣ ንብረቱን መንገድ ላይ እንደ አጥንት እንደጣሉበት፣ እህቱን ባይል ኖሮ ምን እንደሚያደርግ ተናገረ።

«እንድሪስ፣ ምን ትላለህ?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ይቅርታ ጠይቅ ካላችሁኝ እጠይቃለሁ» አሉ። «አጥፍቻለሁ። ጎማውን ግን ፍሬኑ ሲሠራ ነው የምሰጠው።»

«ትናንት ያለ ፍሬን አደረስከን አይደል?» አሉ አባ ሰይድ። ለማለሳለስ ብለው ነበር መሰለኝ። «ትንሽ ነበራት ማለት ነው።»

አያ እንድሪስ ዝም አሉ።

«ነበራት?» አሉ አባ ሰይድ እንደገና፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አልነበራትም፣ አባ።»

«ከብቶቹ ጋ?»

«ከብቶቹ ጋ።»

ከጓዳ ሆኜ የአባ ሰይድ መቁጠሪያ ሲቆም ሰማሁት። ከዚያ ለባለመኪናው «መካኒክ ጥራ» አሉት። «ዛሬውኑ። የቀረውን ከዚያ እንነጋገራለን።»

መካኒኩ መጣ። ፍሬኑ በሙሉ ተቀየረ። አያ እንድሪስ ጎማዎቹን ራሳቸው አስገቡ፣ ብሎኖቹን ራሳቸው አጠበቁ፣ ቁልፉን ለባለመኪናው ሰጡ። ይቅርታም ጠየቁ። ከዚያ ቀን በኋላ መሪ አልያዙም። ባለመኪናው መኪናዋን ለኸድር ሰጠው። ሌሎች ባለንብረቶችም ሥራ አልሰጧቸውም፤ የባለቤቱን ገመና በአደባባይ የሚገልጥ ሹፌር ማን ይፈልጋል? ሚስታቸው ከወንድማቸው ጋር መነጋገር አቆሙ፤ ቤቱንም ለቀው ሮቢት ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። አያ እንድሪስ ከጎረቤት ጋር፣ ምርቱን እኩል ሊካፈሉ፣ ማሽላ ማረስ ጀመሩ። በማያውቁት ሥራ፣ በዚያ ዕድሜ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ትከሻቸው ወርዶ አይ ነበር፤ ሰላምታቸው ግን አልተለወጠም። «ነጋ ነው ኢንታላኮ? ሰላም ነሽ? ወንበርሽ አለ?» ይሉኛል።

ወንበሬ ነበረ። ጨርቁ ተነሥቷል፤ ቢጫዎቹ አሁንም ይበራሉ። ቀዩ ግን ጠፍቷል። ኸድር በፍጥነት ይነዳል፣ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ሰው ይወደዋል።

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ስዘጋጅ፣ አንድ ከሰዓት ከከሚሴ ስመለስ አያ እንድሪስ መናኸሪያው ውስጥ ተራ ይዘው ቆመው አየኋቸው። የዘር ማሽላ በከረጢት ይዘዋል። ጋቢና ቦታዬን ልለቅላቸው ብወርድ እንቢ አሉ። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከበሩ ርቀው፣ በሁለት ወፍራም ሰዎች መሐል ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ረጅም ሰው ስለሆኑ ጣሪያው አስጎንብሷቸዋል። ያወቃቸው ያለ አይመስለኝም፤ ያወቃቸውም አልተናገረም።

ኸድር እየበረረ ሄደ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ከብቶች ነበሩ። እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰው ሁሉ ወደፊት ተገፍቶ ተመለሰ። አንዱ «ቀስ በል እንጂ!» አለ፣ ሌላው ሳቀ፣ ጀማል ከብቶቹን በመስኮት ይሰድባል። ወዲያው ሁሉም ወደ ወሬው ገባ።

ከመጨረሻው ወንበር ግን ቀስ ያለ፣ ለማንም ያልተነገረ፣ የአንድ ሰው ድምፅ ሰማሁ።

«አልሃምዱሊላህ» አለ። «ያዘች።»